ጋሽ አዳሙ «ተመስገን» ያሉ ዕለት

ጋሽ አዳሙ ያረፉት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አስከሬናቸው ገና ሳይገነዝ ቄስ ሞገስ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ፣ ጌሾው ሥር ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ነፍሱ ስትወጣ ቤት ውስጥ የነበራችሁት አንተና ማንጠግቦሽ ናችሁ። እሷ የሰማችውን ነግራኛለች። አሁን ደግሞ አንተ ንገረኝ። ‹ተመስገን› ያለው እግዜርን ነው ወይስ አንተን?»

ስሜ ተመስገን ነው። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ አልበረከቱላትም ነበርና እኔ ስተርፍላት ያወጣችልኝ ስም ነው። በእኛ አገር ይህ ስም የሌለበት ቀበሌ የለም። የፍኖተ ሰላም ገበያ መሀል ቆሞ «ተመስገን!» ብሎ የሚጣራ ሰው ቢኖር አምስት ስድስት ሰው ይዞራል፣ የቀረው ደግሞ ምን ደግ ነገር ቢያገኝ ነው ይላል። ስም ሸክም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ከአጥሩ ውጭ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ቆመው የእኔን መልስ ይጠብቁ ነበር። «እግዜርን ነው» ካልኩ ጋሽ አዳሙ ፍትሐት ተደርጎላቸው፣ ማለትም የሙታን ጸሎት ተጸልዮላቸው፣ ደብሩ ግቢ ውስጥ ይቀበራሉ። «እኔን ነው» ካልኩ ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ ያለ ካህን፣ እንዲያው አፈር መመለስ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ባለቤታቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የለመኑት አንድ ነገር ቢኖር ከባላቸው ጎን መቀበር ነው።

ምን እንደመለስኩ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውየውን ብታውቋቸው ይሻላል።

ጋሽ አዳሙ የከብት ሐኪም ነበሩ። «ሐኪም» የምለው አሁን ስለማይሰሙኝ ነው። ገበሬው ዶክተር ሲላቸው «ዶክተሩ ባሕር ዳር ነው ያለ፤ እኔ ረዳት ነኝ» ብለው ያርማሉ፤ ነገ ደግሞ ያው ሰው ዶክተር ይላቸዋል፣ እሳቸውም ሳይሰለቹ ያርማሉ። ረጅም፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ጣታቸው ሥራ የማይፈታ ሰው ነበሩ። የላም ሆድ በጣት መታ መታ አድርገው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ነው በሽታዋን የሚለዩት። ይህ ነገር ልማድ ሆኖባቸው ሁሉን ነገር ይመቱ ነበር። ዳቦ ሲቀርብላቸው መታ መታ፣ የቢሮውን ጠረጴዛ መታ መታ፣ ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ማድመጥ። እኔ ገና ከኮሌጅ ወጥቼ ክሊኒኩ የተመደብኩ ቀን ደብዳቤዬን ሳይቀር በጣታቸው መታ መታ አድርገው ነው ያነበቡት።

«ስምህ ማነው?»

«ተመስገን።»

ደብዳቤውን አስቀመጡና አዩኝ። «እንግዲህ ጉድ ፈላ!» አሉ። «በቀን ሃያ ጊዜ ልጠራህ ነው እኮ። ይኸማ ወጥመድ ነው። ማነው የላከህ? ሞገስ ነው?»

ምኑ እንዳስደነቃቸው አልገባኝም። ትንሽ አሰብ አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ ተሜ ነህ» አሉኝ። ተሜ ማለት የቆሎ ተማሪ ነው፣ አኮፋዳውን አንግቶ እየለመነ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማረው። የእኔም ስም ሲያጥር ተሜ ስለሚሆን ቅር አላለኝም። እስኪሞቱ ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ነገሩ የገባኝ በሳምንቱ ነው። የጎጃም ሰላምታ ረጅም እንደሆነ ታውቃላችሁ። እንደምን አደሩ ይባላል፣ እግዜር ይመስገን። ልጆቹስ፣ እግዜር ይመስገን። ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም እግዜር ይመስገን። ትናንት ልጁን የቀበረ ሰው እንኳ እግዜር ይመስገን ብሎ ነው የሚያለቅሰው። እኔ ራሴ ከባጃጅ ሹፌር ጋር እየተሰዳደብኩ በመሀል ሰው ሰላም ቢለኝ እግዜር ይመስገን ብዬ ወደ ስድቤ እመለሳለሁ። ጋሽ አዳሙ ግን «ደህና ነኝ» ይሉና ያቆማሉ። ደህና ካልሆኑ «ዛሬስ ወገቤን አሞኛል» ይሉና ያቆማሉ። ሰላም ያላቸው ሰው ቀሪውን እየጠበቀ አፍ አፋቸውን ያያል። ከቡሬ በታች ያሉ አንዲት ባልቴት በጋቸውን ሊያስከትቡ መጥተው፣ ጠብቀው ጠብቀው ሲያጡት፣

«ምነው አያ አዳሙ፣ ሰላምታዎ ጨው አነሰውሳ?» አሏቸው።

«ያለኝን ነው የሰጠሁዎት እናቴ። የሌለኝን ብጨምርልዎት ውሸት ይሆናል» አሉ፣ እጃቸው የበጉን አንገት እንደያዘ።

ወደ ጅጋ በሞተር ሳይክል ስንሄድ ከኋላ ተቀምጬ ጠየቅኳቸው። ወጣት ነበርኩ፤ ክርክር የሚጀምሩልኝ መስሎኝ ነበር። ጋሽ አዳሙ ግን መከራከር አይወዱም። «ተሜ፣ እኔ እግዜርን ጠልቼው አይደለም» አሉኝ፤ ነፋሱ ግማሹን እየወሰደባቸው። «የለም ብዬም አልማልኩም። አልመጣልኝም። እምነት እንደ እንቅልፍ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ መተኛት ትችላለህ፣ እንቅልፉ ግን ሲፈልግ ነው የሚመጣ። የተኛ መስሎ ማንኮራፋት ደግሞ ነውር ነው።»

ማንኮራፋቱ አሳቀኝ። እስከ ጅጋ ድረስ፣ ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስለ ጫማ ዋጋ ሳስብ እንደነበር እያስታወስኩ ሄድኩ። ያን ቀን ብቻ ሳይሆን ብዙ ቀን አንኮራፍቻለሁ።

ትምህርቱ አጥሯቸው እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሳሉ በፈረስ ቤት በኩል ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ቄስ ሞገስና እሳቸው ከአንድ አኮፋዳ የበሉ፣ በአንድ ደበሎ የተኙ ናቸው። አንዱ ካህን ሆነ፣ አንዱ መርፌና ክትባት ይዞ ገጠር ለገጠር ዞረ። ዳዊትን በቃላቸው ይወጡታል። ቄስ ሞገስ በእርጅና አንድ ሐረግ ሲዘነጉ የሚያቃኗቸው እሳቸው ነበሩ። «ቃሉን እወደዋለሁ» ይሉ ነበር፤ «የተናገረውን ነው ያላገኘሁት።»

አንድ ክረምት መውጫ ላይ ከጅጋ ወጣ ብላ ያለች ላም ማገጥ በልታ ሆዷ ተነፋ ተብለን ደረስን። ማገጥ የሚባለው ሣር በእርጥቡ ሲበላ ከብቱን ይነፋዋል፤ ካልተደረሰለት ሰዓትም አይቆይ። ላሚቱ ወድቃ ዓይኗ ፈጥጧል። ጋሽ አዳሙ ግራ ጎኗን መታ መታ አድርገው አደመጡ፣ ቦታውን በአውራ ጣታቸው ያዙ፣ በሹሉ ቱቦ ወጓት። ነፋሱ እያፏጨ ወጣ። ጥቂት ቆይታ ላሚቱ እግሯን ሰብስባ ተነሳች። ባለቤትየው መሬት ላይ ተደፍቶ «እግዜር አዳናት! እግዜር አዳናት!» ይላል። ጋሽ አዳሙን አንድ ጊዜም አላያቸውም።

እኔ ንዴት ቶሎ ይቀድመኛል። «አንተ ሰውዬ፣ ያዳናትስ እኒህ ናቸው!» አልኩት።

«ተወው ተሜ» አሉኝ ቱቦውን እየጠረጉ። «እኔ ቀዳዳውን ነው የከፈትኩ። የተነሳችው እሷ ናት። ለምን እንደተነሳች እኔም አላውቅም። እሱ የሚያመሰግነው ካገኘ ምን ቸገረህ?»

ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ደግሞ በሌላ ቀበሌ የአንድ ገበሬ በሬ ታመመና ተጠራን። መንገዱ ጭቃ ነበር፣ ሞተሩም አስቸገረን፤ ጋሽ አዳሙም ነገ ይደርሳል ብለው አሳደሩት። ስንደርስ በሬው ሞቷል። ለአራሽ የአንድ በሬ ሞት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ጥንዱ ፈረሰ ማለት ነው። ገበሬው ግን እንደ ሰው ወግ «እግዜር ያለው ነው፤ ምን ይደረጋል» አለ።

«እግዜር አላለም» አሉ ጋሽ አዳሙ። «እኔ ነኝ የዘገየሁ። ትናንት መምጣት ሲገባኝ ዛሬ መጣሁ። ማዘን ካለብዎ በእኔ ይዘኑ።»

ገበሬው ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ያ ሰውዬ እግዜር ላይ አሳቦ ሊያቀልላቸው ነበር፤ እሳቸው ሸክሙን መልሰው በራሳቸው ራስ ላይ ጫኑት።  በማግስቱም በሚቀጥለው ሳምንትም ከቀረው ጋር የሚጠመድ በሬ እያፈላለጉለት በእግራቸው ሲዞሩ ከረሙ።

ጠላት ያፈሩት በአንዲት ጊደር ነው። አቶ ስንሻው የሚባል ሰው፣ ጾም የማይሽር፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ከአንዲት መበለት ጋር በጊደር ተካሰሰ። ጊደሯ ጥጃ ሳለች ጠፍታ፣ አድጋ በሌላ መንጋ ውስጥ ተገኝታ ነው። ሽማግሌዎች ከዋንዛ ሥር ተቀመጡ። ጋሽ አዳሙ በምስክርነት ተጠሩ፤ ጥጃዋ የኋላ እግሯን ተቧጥጣ በመበለቲቱ ደጅ የሰፏት እሳቸው ነበሩ።

«በሚካኤል ማሉልን» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ።

«ያየሁትን እናገራለሁ። መማል ግን አልምልም» አሉ ጋሽ አዳሙ።

«አያችሁ?» አለ ስንሻው። «ፈራ! እኔ እምላለሁ!» ብሎ ማለ። ስንሻው ሐሰተኛ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ጊደሯ የእሱ እንደሆነች ከልቡ ያምን ነበር።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሳይምሉ መመስከር በእኛ ዘንድ ተሰምቶ አያውቅም። ያኔ ቄስ ሞገስ ከዳር ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ ይላል ሕጉ» አሉ። «እዚህ ከተቀመጥነው መሀል ይህን ሕግ ያልሻረ ማነው? እኔ ዛሬ ጠዋት ብቻ፣ ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ በጌታ ምያለሁ። አዳሙ ግን ያላመነበትን ስም በአፉ አላነሳም። ያለ መሐላ ቃሉን ስጡኝና እቀበላለሁ።»

ጋሽ አዳሙ ተናገሩ፣ የጊደሯ እግር ታየ፣ ጠባሳው ተገኘ። ጊደሯ ለመበለቲቱ ሆነች። ስንሻው ያንን አልረሳም። በዓመቱ ሰበካ ጉባኤው ፊት «መስቀል የማይሳለም ሰው ስሙ ከምእመናን ጋር ለምን ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ጋሽ አዳሙ ይቆጣሉ ብሎ ሲጠብቅ ራሳቸው መጡና «ልክ ነህ ስንሻው። አውጡት» አሉ። ስማቸው ወጣ። እንግዲህ ፍትሐቱ አከራካሪ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሰውየው በገዛ አፋቸው ወጥተዋልና።

ነገር ግን እሑድ እሑድ ከደብሩ ደጃፍ ጠፍተው አያውቁም። የእትዬ ማንጠግቦሽ ዓይን ስለደከመ እሳቸው እስከ በሩ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ባለቤታቸው ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ ጋሽ አዳሙ ጫማውንና ጃንጥላውን ይይዙና ከበሩ አጠገብ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይቀመጣሉ። ፀሐይም ዝናብም አያስነሳቸውም። እንግዳ ሰው፣ ንስሐ ተሰጥቷቸው ይሆናል ብሎ ያዝንላቸው ነበር። ቄስ ሞገስ ተራቸው ባልሆነ ቀን ወጥተው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ሰው ፊት አንቱ ይባባላሉ፣ ድንጋዩ ላይ ግን አንተ ነው።

አንድ ቀን ስደርስ ቄስ ሞገስ «አዳሙ፣ ቢኖርስ?» ሲሏቸው ሰማሁ።

«ካለማ እዚህ ድንጋይ ላይ መቀመጤን ያውቃል» አሉ ጋሽ አዳሙ። «ጫማዋን እንደያዝኩም ያውቃል።»

ቄስ ሞገስ ሳቁ። ስንሻው ይኸን ቅርርብ አይወደውም ነበርና አንዴ ደፍሮ «አባ፣ እርስዎ ጓደኛው ሆነው ገፍተው አያስገቡትም?» አላቸው። «ገፍቼ?» አሉ ቄሱ። «ተገፍቶ የሚገባ በሬ ነው፤ እሱም ቄራ ነው የሚገባ። እግዜር አምላኪ እንጅ እስረኛ አይፈልግም። በሩ ክፍት ነው፣ አዳሙም በሩን ያውቀዋል።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ባላቸውን የጠየቋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። በተጋቡ በሰባተኛው ዓመት፣ «ለእኔ ስትል አምናለሁ በልና ቁረብ» አሏቸው። ጋሽ አዳሙ ግን፣ «ላንቺ ስል ብዙ ነገር አደርጋለሁ፤ ጾምሽን እጾማለሁ። ይኸን ግን ላንቺ ብዬ ባደርገው፣ መጀመሪያ የማታልለው አንቺን ነው» አሏቸው። ከዚያ በኋላ እትዬ ዳግመኛ አልጠየቁም። ይጸልያሉ እንጂ አይጨቀጭቁም። ቤታቸው ውስጥ አንድ የሚጾም አማኝና አንድ የሚጾም የማያምን ሰው አብረው ሽሮ ይበላሉ፤ ስንት ጊዜ አብሬያቸው በልቻለሁ። እንደዚያ ቤት ሰላም ያለበት ቤት ብዙ አላየሁም።

ጋሽ አዳሙን የያዛቸው የጉበት በሽታ ነው። መንገዱ ስለተዘጋ ባሕር ዳር ማድረስ አልተቻለም፤ በኋላም መንገዱ ሲከፈት እሳቸው እምቢ አሉ። የራሳቸውን ሆድ መታ መታ አድርገው፣ አድምጠው፣ «ውኃ ይዟል ተሜ። ላም ብሆን ለባለቤቷ እውነቱን እነግራት ነበር» አሉኝ። ከዚያ እትዬን ጠሩና እውነቱን ነገሯቸው።

የመጨረሻውን ሁለት ቀን አልተናገሩም። እትዬ ማንጠግቦሽ ከራስጌ አይጠፉም። መስኮቱ ላይ አንድ ጠርሙስ ጸበል ነበር፤ አጠገቡ ደግሞ የቧንቧ ውኃ በብርጭቆ። እትዬ ከንፈራቸውን የሚያርሱላቸው በቧንቧው ውኃ ነበር። አንድ ጠብታ ጸበል ሳያውቁ ቢያደርጉላቸው ማን ያያቸዋል? ብዬ አስቤያለሁ። አላደረጉትም። ከጸበሉ ራሳቸው እየጠጡ፣ ለእሳቸው ከብርጭቆው ይሰጡ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ እንደወትሮው ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩን ስከፍት ፀሐይዋ አብራኝ ገባች። እትዬ በማንኪያ ውኃ አድርገውላቸው ነበር። ጋሽ አዳሙ ዋጡ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ወደ በሩ አዩ። በሩ ላይ እኔ አለሁ፤ ከኋላዬ ፀሐይዋ አለች።

«ተመስገን» አሉ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው ትንፋሻቸው ቆመ። እትዬ ማንጠግቦሽ ማንኪያውን እንደያዙ «ሰማህ? ሰማህ ተሜ?» ይሉኛል። መስማቱንስ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ጌሾው ሥር ልመለስ። ቄስ ሞገስ ይጠብቁኛል፣ ከአጥሩ ውጭ ስንሻውና ሌሎቹ ይጠብቃሉ፣ ከቤት የእትዬ ልቅሶ ይሰማል። «እግዜርን ነው» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበር! ማንንም አይጎዳም፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ እትዬ ያርፋሉ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላወቁትን አላውቅም ሲሉ ከሰማኋቸው ሰው አስከሬን ሃያ እርምጃ ርቄ፣ ስለ እሳቸው የመጀመሪያውን ውሸት እንዴት ልዋሽ? እንደዚያ ብል ሰበካ ጉባኤው በሕይወት ሳሉ ከመዝገቡ ያወጣቸውን ሰው እኔ ያለ ፈቃዳቸው ጎትቼ ላስገባቸው ነው። «እኔን ነው» ብልም ያው ውሸት ነው፤ በዚያ ላይ እትዬን በቁማቸው መቅበር ይሆንብኛል።

«አላውቅም አባ» አልኳቸው። «በዚያ ስም አንድ ቀንም ጠርተውኝ አያውቁም። ሲሉት ግን የሚያዩት ወደ እኔ ነበር።» አልቻልኩም፤ አለቀስኩ።

ቄስ ሞገስ ጌሾውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ ይህን ልማድ ከማን እንደወሰዱት አይጠፋችሁም። ቀጥለው ፈገግ ሲሉ አየሁ፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ።

«ቅኔ ቤት ሳለን ኅብር የሚባል ነበረ» አሉ። «አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም ነው። አዳሙ ኅብር አይሆንለትም ነበር፤ ነገር ሁሉ አንድ ብቻ ይሁን የሚል ሰው ነው። መምህራችን ‹ኅብሩን የሰበረ ቅኔውን ገደለ› ይሉት ነበር። ይኸው በመጨረሻ ሆነለት። እኔ አልሰብረውም።»

ወደ አጥሩ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

«ምን አለ ልጁ? ለእግዜር ነው ወይስ ለሱ?» አለ ስንሻው።

«ቃሉ ተብሏል» አሉ ቄስ ሞገስ። «የተባለለት ያውቀዋል። ስንሻው፣ ለአንተ ነው እንዴ የተባለው?»

«ኧረ እኔማ ምን ቤት ነኝ።»

«እንግዲያ ና ቃሬዛውን ያዝ።»

ስንሻው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ ገባና ያዘ፤ የፊቱን በቀኝ በኩል። በግራ በኩል የያዘው በሬው የሞተበት ገበሬ ነበር፤ ሰምቶ ከቀበሌው በእግሩ መጥቶ ነው። ፍትሐቱ ተደረገ። ቄስ ሞገስ አንዷ ሐረግ ላይ ሲደርሱ ዘነጉና ቆሙ፣ እንደ ልማዳቸው የሚያቃናቸውን ሰው ፈልገው ወደ ቃሬዛው አዩ። ከዚያ ራሳቸው አስታውሰው ቀጠሉ። ጋሽ አዳሙ ከበሩ ድንጋይ ብዙም ሳይርቁ፣ ከቅጥሩ በውስጥ በኩል ተቀበሩ፤ አጠገባቸው ለእትዬ የሚበቃ ቦታ ተትቶ።

በአርባው ማግስት የእትዬ ማንጠግቦሽን ዶሮዎች ልከትብ ሄድኩ። ስጨርስ አጠገባቸው እንድቀመጥ ነገሩኝ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «እኔ እንዳላዝን ብለህ አትተው። አንተን ነው የጠራህ?»

«አላውቅም እትዬ» አልኩ።

የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሳቁ። «አንተም እንደሱ ሆንክ!» አሉ። «ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ። ለእግዜር ብሎት ከሆነ ደስታዬ ነው። አንተን ጠርቶህ ከሆነም፣ ያን ቃል ሳይወድ በግድ አውጥቶታልና እግዜር ሰምቶ ይስቃል» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከእንግዲህ ተሜ አልልህም። በሙሉ ስምህ ነው የምጠራህ። ተመስገን እላለሁ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ አቤት ትሉኛላችሁ።»

ክትባቱን ሰብስቤ ተሰናብቼ ወጣሁ። በሩን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ተጣሩ፤ መርፌውን ረስቼው ኖሯል።

«ተመስገን!»

ቆምኩ። ቀድሞኝ የመለሰላቸው ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን ዞሬ «አቤት» አልኩ።